አቻ ለአቻ ጋብቻ፤ ግን በምን አቻ?

በዛሬው የሳይንስ ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ሁሉም ሰው አስተያየት የሚሰጥበት ነው። ሰውም ሆነ እንስሳ ተጣማሪውን ሲመርጥ የሚመስለውን ይሻል ወይስ የማይመስለውን? የአገራችን ሰው «አቻ ለአቻ ጋብቻ» ይላል። ነገሩን በክፉ ጎኑ የሚያየው ደግሞ «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ብሎ ይተርታል። በሌላ በኩል ስለ ማግኔት ተማሪ ቤት የተማረው ሁሉ ተቃራኒ ነገሮች ይሳሳባሉ ይላል፤ ዝምተኛው ተጫዋቿን፣ ቁጡዋ ታጋሹን ሲያገባ ባየ ቁጥር ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል። በዚህ ዓይነት ብንከራከር ማብቂያ የለውም፤ ለየትኛውም ወገን ምስክር የሚሆን ጎረቤት አይጠፋምና።

እኔ ዛሬ የምከራከረው ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት ብዬ ነው። «መምሰል ወይስ አለመምሰል» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «በምን መምሰል፣ ከማንስ መለየት» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ሁለት ክቦችን በሐሳባችሁ ሣሉ፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው በእሱ ውስጥ ያለ ጠባብ። ሰፊው ክብ «የእኔ ዓይነት» የምንለውን ሁሉ ያቅፋል፤ ጠባቡ ደግሞ አብረን ያደግነውን የቤታችንን ሰው። በእንስሳትም በሰዎችም ላይ የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ፍጡራን በብዛት የሚጣመሩት በሰፊው ክብ ውስጥ፣ ከጠባቡ ክብ ግን ውጭ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ሁለቱም ክቦች በአመዛኙ የሚሠመሩት በልጅነት ነው፤ ያደግንበት ቤትና መንደር ማንን እንደምንመኝም፣ ማንን እንደማንመኝም ያስተምረናል። ማስረጃውን ላቅርብና የሚነሱበትን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ ልመልስ።

ከሰፊው ክብ እንጀምር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ2013 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ254 የእንስሳት ዝርያዎች ላይ ቀደም ሲል የተደረጉ ከአንድ ሺህ በላይ ልኬቶችን ሰብስበው መረመሩ። ተጣማሪዎቹ በሰውነት መጠን፣ በቀለም፣ በዕድሜና በመሳሰሉት ይመሳሰላሉ ወይ ብለው ነው የጠየቁት። መመሳሰሉ የሚለካው ተዛምዶ በሚባል ቁጥር ነው። ጥንዶቹ በዕጣ የተገናኙ ያህል ከሆነ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ትልቁ ምንጊዜም ከትልቅ፣ ትንሹም ምንጊዜም ከትንሽ የሚጣመር ከሆነ አንድ ይሆናል። ትልቁ ወደ ትንሽ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አማካዩ 0.28 ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ልከኛ ነው፤ ብዙ ልዩነት ያላቸው ጥንዶች እንዳሉም ያሳያል። ሆኖም ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ መመሳሰል መሆኑ አያጠራጥርም።

ወደ ሰው ስንመጣ፣ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን በ1903 ባሳተመው ጥናት ከአንድ ሺህ በላይ ባልና ሚስት ቁመት አነጻጽሮ ተዛምዶው 0.28 መሆኑን ዘግቧል። ከእንስሳቱ አማካይ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ አቅጣጫው ግን አይደለም። በ2023 ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የተከማቹ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ጥናቶችን መርምረው፣ በብሪታንያ ከሚገኝ ትልቅ የጤና መረጃ ክምችትም የጥንዶችን መረጃ አክለው አንድ ሰፊ ሥራ አሳተሙ። ከመረመሯቸው ባሕርያት ውስጥ ከ82 እስከ 89 በመቶ በሚሆኑት ጥንዶች ይመሳሰላሉ። ትምህርት፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የማጨስና የመጠጣት ልማድ ከላይ ናቸው፤ በፖለቲካ አመለካከት ብቻ ተዛምዶው 0.58 ይደርሳል። ተጫዋችነትና ዝምተኝነት ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ስለዚህ ዝምተኛው ተጫዋቿን ሲያገባ ያየ ሰው ያየው እውነት ነው፤ ግን ዝምተኛ ዝምተኛዋንም የዚያኑ ያህል ያገባል። ወደ ተቃራኒ ያዘነበሉት ባሕርያት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ማለዳ መነሣትና ማምሸት ነው፤ ማልዶ የሚነሣ ሰው በትንሹም ቢሆን ወደሚያመሽ ተጣማሪ ያዘነብላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። «ባልና ሚስት የሚመሳሰሉት አብረው ስለኖሩ ነው፤ አንድ ማዕድ ቆርሰው፣ አንድ ቤት አርጅተው መልካቸው ሳይቀር ይቀራረባል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ዛዮንክም በ1987 የጥንዶችን የሠርግ ሰሞንና የእርጅና ፎቶግራፎች አነጻጽሮ ፊታቸው ከጊዜ ጋር እየተመሳሰለ ይሄዳል ብሎ ነበር። ጥናቱ ዝነኛ ሆነ፤ የተመሠረተው ግን በጥቂት ጥንዶች ላይ ነበር። በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ በሚበልጡ ጥንዶች ላይ ሲደግሙት የተለየ ነገር አገኙ። የጥንዶች ፊት በእርግጥ ይመሳሰላል፤ የሚመሳሰለው ግን ገና ሲጋቡ ጀምሮ ነው፤ አብሮ መኖሩ የጨመረው ነገር አልተገኘም። ያለ ፎቶግራፍም ነገሩን ማሰብ ይቻላል። ሰው ካገባ በኋላ ቁመቱ አይጨምርም፤ ትምህርቱም በአብዛኛው ከትዳር በፊት ያልቃል። ልማድ፣ አነጋገርና አመለካከት በትዳር ውስጥ ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ዋናው መመሳሰል ግን ከደጃፉ ተሻግሮ አብሮ የገባ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ጠንካራ ነው። «ሰው የሚመስለውን የሚያገባው መርጦ ሳይሆን ሌላ ስላላገኘ ነው» ይላል። ለዚህም ጥሩ ማስረጃ አለ። የማኅበራዊ ጥናት ምሁሩ ጄምስ ቦሳርድ በ1932 ባሳተመው ጥናት በፊላደልፊያ ከተማ የተመዘገቡ 5,000 የጋብቻ ፈቃዶችን አገላብጦ፣ ከሦስቱ ጥንዶች አንዱ ከጋብቻ በፊት በአምስት የመንገድ ብሎኮች ርቀት ውስጥ ይኖር እንደነበር አገኘ። ፊላደልፊያን ያህል ከተማ ይዞ ሰው የሚያገባው የሰፈሩን ሰው ነበር ማለት ነው። ዛሬም ዩኒቨርሲቲ የተገናኙ በትምህርት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አካባቢ የተገናኙ በሃይማኖት፣ መሥሪያ ቤት የተገናኙ በገቢ ቢመሳሰሉ አያስደንቅም። ይህን ተቃውሞ አልገፋውም፤ ቅርበት ከሰፊው ክብ ግንበኞች አንዱ ነው። ጥያቄው ግን ይቀራል። ሁለት ዓይነት ተጣማሪ እኩል ቀርቦ ሳለ ምርጫው ወደ አንዱ ካዘነበለ፣ ያን ቅርበት ብቻውን አያስረዳውም።

ይህን ለመለየት ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ለእኛ አገር አድማጭ ቅርብ የሚሆነው በበግና በፍየል ላይ የተደረገው ነው። በ1998 ኪት ኬንድሪክና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር፣ ኬምብሪጅ አጠገብ ባለው የባብራም ተቋም፣ አዲስ የተወለዱ የበግ ግልገሎችን ለፍየል እናቶች፣ የፍየል ግልገሎችን ደግሞ ለበግ እናቶች ሰጥተው አሳደጉ። መንጋው ድብልቅ ስለነበር ግልገሎቹ የገዛ ዝርያቸውን በየቀኑ ያዩ ነበር፤ አጥተውት አይደለም። ሲያድጉ አበላላቸው የራሳቸው ዝርያ አበላል ሆኖ ቀረ፤ አጨዋወታቸው ግን የአሳዳጊያቸውን መሰለ። ለመጣመር ሲደርሱም በበግ ያደገው አውራ ፍየል በጎችን፣ በፍየል ያደገው አውራ በግ ፍየሎችን አጥብቆ መረጠ። ከዚያም ለሦስት ዓመት ከገዛ ዝርያቸው ጋር ብቻ ቢቆዩም ወንዶቹ ምርጫቸውን አልቀየሩም፤ ሴቶቹ ግን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ዝርያቸው ተመለሱ። ሙከራው ብዙ ነገር ይነግረናል። «የእኔ ዓይነት» የሚለው ስሜት ከደም ጋር ተወልዶ የሚመጣ ብቻ አይደለም፤ ያጠባችን ፊት ያትመዋል። ኅትመቱ አንዳንዱ ላይ የማይለቅ፣ አንዳንዱ ላይ የሚለቅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰፊው ክብ ነው። ነገር ግን ያሳደገን ፊት ምርጫችንን የሚያትም ከሆነ፣ ለምን ወንድምና እኅት አይፈላለጉም? ከእነሱ የበለጠ የሚመሳሰል፣ ከእነሱም የበለጠ የሚቀራረብ የለምና። በ1891 ስለ ሰው ልጅ ጋብቻ ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው የፊንላንድ ተወላጅ ኤድቫርድ ቬስተርማርክ መልስ ሰጥቶበታል። በሕፃንነታቸው አብረው ያደጉ ሰዎች፣ የሥጋ ዝምድና ኖራቸውም አልኖራቸው፣ ሲያድጉ የጾታ ፍላጎት አይሰማቸውም አለ። ሐሳቡ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ቆይቶ ሁለት ማኅበረሰቦች ሳያስቡት ፈተኑት። አንደኛው ኪቡዝ የሚባለው የእስራኤል የኅብረት መንደር ነው። እዚያ ዝምድና የሌላቸው እኩዮች ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በአንድ የሕፃናት ቤት ያድጉ ነበር። ጆሴፍ ሼፈር በ1971 ያሳተመው ጥናት 2,769 ትዳሮችን መርምሮ በአንድ ቡድን ካደጉ እኩዮች መካከል የተፈጸሙ ትዳሮች ወደ 14 ብቻ መሆናቸውን፣ ከእነሱም እስከ ስድስት ዓመታቸው ሳይለያዩ አብረው ያደጉ አለመኖራቸውን ገለጠ። ሁለተኛው ታይዋን ነው። በድሮው ልማድ ሕፃን ሴት ልጅ ለወደፊት ባሏ ቤተሰብ ተሰጥታ ከእሱ ጋር እንደ እኅት ታድግ ነበር። አርተር ዎልፍ መዛግብቱን ለዓመታት ሲያጠና እነዚህ ትዳሮች ከሌሎቹ ይልቅ በፍቺ የሚፈርሱ፣ ልጅም የሚያንሳቸው ሆነው አገኛቸው።

በኪቡዙ ማስረጃ ላይ ትችት እንደተነሣ መናገር ተገቢ ነው። ከጊዜ በኋላ በዚያ ያደጉ ሰዎችን ቀርበው ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ከመካከላቸው ለእኩያቸው ፍላጎት የነበራቸው እንዳሉ፣ ትዳሩን የከለከለውም ከውስጣዊ ስሜት ይልቅ የማኅበሩ ይሉኝታ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ይህ ትችት ጠባቡ ክብ በስሜት ብቻ እንደማይጠበቅ፣ ደንብና ሐፍረትም እንደሚያግዙት ያሳያል። ነገር ግን ይሉኝታ በሌለበት በእንስሳት ዓለምም ያው ክብ ይታያል። ፓትሪክ ቤትሰን በ1982 ባሳተመው ሙከራ የጃፓን ድርጭቶችን መሐል ላይ አቆመና አምስት ዓይነት ወፎችን በየመስኮቱ አሳያቸው። እነዚህም አብሯቸው ያደገ ወንድም ወይም እኅት፣ ተለይቶ ያደገ ወንድም ወይም እኅት፣ የአጎት ልጅ፣ የሩቅ ዘመድና ምንም የማይዛመድ ወፍ ነበሩ። ወንዶቹም ሴቶቹም ረዥሙን ጊዜ ያሳለፉት ከዚያ በፊት አይተውት በማያውቁት የአጎት ልጅ መስኮት ፊት ነው። ከለመዱት መልክ ትንሽ የተለየ፣ ግን ብዙ ያልራቀ። የላብራቶሪ አይጦችም እንዲሁ ናቸው። የሰውነት በሽታ መከላከያን የሚመሩ ዘረመሎች በሰውነት ጠረን ይታወቃሉ፤ አይጦቹም በሽታ መከላከያው ከእነሱ የተለየውን ይመርጣሉ። በማደጎ ባዕድ ቤተሰብ ውስጥ ሲያድጉ ግን የሚሸሹት የአሳዳጊዎቻቸውን ሽታ ሆነ። መሸሹንም የሚያስተምረው ቤት ነው ማለት ነው።

ከቤተ ሙከራ ወጥተን ወደ ባሌ ተራሮች እንሂድ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ሲሆን ከእኛ አገር በቀር የትም አይገኝም። የሚኖረው በቡድን ነው፤ ወንዶቹ ከተወለዱበት ቡድን እምብዛም አይወጡም፤ የሚኖርበት መሬትም ጠባብና የተያዘ ስለሆነ ሴቶቹ ርቀው ሄደው አዲስ ቡድን ማግኘት ይከብዳቸዋል። እንዲህ ከሆነ ቡድኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዘመድ ሊሆን ነው። ሲሌሮ ዙቢሪ፣ ጎቴሊና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዓመታት ክትትል በኋላ በ1996 እንደጻፉት፣ ሴቷ መፍትሔውን ራሷ አግኝታዋለች። በቡድኗ ውስጥ ከአውራው በቀር ሌሎቹን ወንዶች ታባርራለች፤ ከጎረቤት ቡድን የመጣውን ግን፣ አውራም ይሁን ተራ፣ ትቀበላለች። ካዩዋቸው ስሪያዎች 70 በመቶ የሚሆኑት ከውጭ ከመጡ ወንዶች ጋር የተፈጸሙ ናቸው። ከዚያም ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው በገዛ ቡድኗ ውስጥ ነው። ከወገን አልወጣችም፤ ከቤት ግን ወጥታለች።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ተቃራኒ ይስባል» የሚሉ ወገኖች ሁለት ዝነኛ ማስረጃዎቻቸውን ይዘው የሚያነሡት ነው። አንደኛው የቲሸርቱ ሙከራ ነው። በ1995 ክላውስ ቬደኪንድ በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ 44 ወንዶች ሽቶ ሳይነካቸው ሁለት ሌሊት የለበሱትን ቲሸርት ለ49 ሴቶች ሰጥቶ እንዲያሸቱት አደረገ። ሴቶቹ በአማካይ ደስ ያላቸው በሽታ መከላከያ ዘረመሉ ከእነሱ የተለየው ወንድ ሽታ ነበር፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን በሚወስዱት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሙከራው ብልህ ነው፤ በትዳር ላይ ያሉ ጥንዶችን ዘረመል የመረመሩ ኋለኛ ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ አንዳንዱ ልዩነት አገኘ፣ አንዳንዱ አላገኘም። ውጤቱ ቢጸና እንኳ ከክርክሬ ጋር አይጣላም። የሽታው ልዩነት በተግባር የሚለየው የቅርብ ዘመድን ነው፤ የጠባቡ ክብ አጥር ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ ይከብዳል። በሰሜን አሜሪካ ነጭ ጉሮሮ ያላት አንዲት ድንቢጥ አለች። የዚህ ዝርያ ወፎች በራሳቸው ላይ ባለው መስመር ነጭና ቡናማ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ፤ ልዩነቱ የሚመጣው በአንድ ክሮሞሶም ላይ ከተገለበጠ ከአንድ ሺህ በላይ ዘረመሎችን ከያዘ ክፍል ነው። ኢሌይና ተትል ከ1988 ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት ተራሮች ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ስታጠናቸው፣ ከመቶ ጥንድ ከ95 በላይ የሚሆኑት አንዱ ነጭ፣ ሌላው ቡናማ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ የተቃራኒዎች ጋብቻ የለም። ሆኖም ወፎቹ ምን እንደሚፈልጉ ስንመለከት ነገሩ ይለወጣል። ነጮቹም ቡናማዎቹም ሴቶች የሚሹት አንድ ዓይነት ባል ነው፤ ጎጆ የሚጠብቀውንና ጫጩት የሚመግበውን ቡናማ ወንድ። ነጯ ሴት ቁጡና ተፋላሚ ስለሆነች ቀድማ ትወስደዋለች፤ ቡናማዋ የሚቀራት ዘፋኙና ተደባዳቢው ነጭ ወንድ ነው። የሁሉም ምኞት አንድ ሆኖ ሳለ ውድድሩ ተቃራኒዎችን አጣመረ። ከዚህ የምንወስደው ጠቃሚ ጥንቃቄ አለ። ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ ማየት፣ ማን ማንን እንደፈለገ ማወቅ አይደለም። ይህ ለመመሳሰልም ይሠራል፤ ሁሉም የተማረና ገቢ ያለው ቢመኝ፣ የተማሩት እርስ በርስ ተጋብተው የቀሩት እርስ በርስ ሊቀሩ ይችላሉ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ አለ፤ መራጩ ማን ነው? የስዊዘርላንዱ ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሐማድርያስ ዝንጀሮዎችን አጥንቷል። በእነዚህ ዘንድ ወንዱ ሴቶቹን አንገታቸው ላይ እየነከሰ ከኋላው እንዲከተሉ ያስገድዳል። በአኑቢስ ዝንጀሮዎች ዘንድ ይህ የለም፤ ሴቷ እንደ ልቧ ትሄዳለች። ኩመር የአኑቢስ ሴቶችን ወደ ሐማድርያስ መንጋ ሲያስገባ በአንድ ሰዓት ገደማ ወንዱን መከተል ተማሩ። ሁለቱ ዝርያዎች በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ተዳቅለው ይገኛሉ፤ በዚያ የሚወለደው ዲቃላ የሁለት ሥርዓቶች ውጤት እንጂ የአንድ ግለሰብ ምኞት ውጤት ብቻ አይደለም። በሰውም ዘንድ ለረዥም ዘመን መራጩ ወላጅ ነበር፤ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው ምክርም የተነገረው ቤት መርማሪ ለሆነ መራጭ ነው። ይህ ግን ሁለቱን ክቦች አያፈርሳቸውም። ወላጅ ሲመርጥም ሃይማኖት፣ ኑሮ፣ ስምና ምግባር እንዲመጣጠን ይሻል፤ ዘር ቆጥሮም ዘመድ እንዳይሆን ይጠነቀቃል። ክቦቹ ከአንጀት ወደ ሽማግሌ ደንብ ተሸጋገሩ እንጂ አልጠፉም።

ደንቡን ቀረብ ብለን እንየው። በብዙ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ቤተ እስራኤሎችም ሰባት ትውልድ የመቁጠር ልማዳቸውን ይዘው ነው እስራኤል የገቡት። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ሕዝቡ ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ይመደባል፤ የሳቦ ሰው ከጎና፣ የጎናም ከሳቦ ያገባል። ሁሉም ቦረና ነው፣ ቋንቋውም ሥርዓቱም አንድ ነው፤ ጋብቻው ግን ተሻግሮ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር በሥነ ሕይወት ስሌት ሲታይ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ ከዘረመላቸው አንድ ስምንተኛውን ከጋራ አያቶቻቸው ይጋራሉ፤ በሦስተኛው ትውልድ የሚገናኙት አንድ ሠላሳ ሁለተኛውን፣ በአራተኛው የሚገናኙት አንድ መቶ ሃያ ስምንተኛውን ብቻ። እንዲያውም የአይስላንድ የዘር ሐረግ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1800 ጀምሮ ተመርምሮ በ2008 በወጣው ጥናት፣ ብዙ ልጅ የወለዱት በአራተኛና በአምስተኛ ትውልድ የሚገናኙ ጥንዶች ነበሩ። ከ1800 እስከ 1824 ከተወለዱ ሴቶች መካከል በአራተኛው ትውልድ ከባላቸው ጋር የሚገናኙት በአማካይ 4.04 ልጅ ሲወልዱ፣ ዝምድናቸው እጅግ የራቀው 3.34 ወልደዋል። የእኛ ሽማግሌ ቢጠየቅ እነዚህን ጥንዶች አያጋባቸውም ነበር። ስለዚህ ሰባተኛውን ቤት በጤና ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ደንቡ ሰውን ከቤቱ አርቆ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ያዛምደዋል፤ ጠበኞችን ያስታርቃል፣ በክፉ ቀን የሚጠራ ወገን ያበዛል። ሥነ ሕይወት ጠባቡን ክብ ጀመረው፤ ማኅበረሰብ ለራሱ ጥቅም አሰፋው።

«እንዲህ ከሆነ የአጎት ልጅ የሚያገቡ ሕዝቦች እንዴት ኖሩ?» የሚለው ተቃውሞ ፍትሐዊ ነው። በአፋሮች ዘንድ አብሱማ የሚባለው የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ቻርልስ ዳርዊንም በ1839 የአጎቱን ልጅ ኤማን አግብቶ አሥር ልጆች ወልዷል። በአገራችን የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም ቢሆን በጎን የሚከለክለው እኅትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን እንጂ የአጎት ልጅን አይደለም። መልሱ ጉዳቱን በልኩ ማየት ነው። በእንግሊዝ ብራድፎርድ ከተማ ተጠንቶ በ2013 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ በአጎት ልጆች ጋብቻ አብሮ የሚወለድ የጤና ጉድለት ከ3 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። እጥፍ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ሕፃናት 94ቱ ያለ ጉድለት ይወለዳሉ። አደጋው የሚከፋው ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ነው። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ካርሎስ የአጎትና የእኅት ልጅ ጋብቻ ፍሬ ነበር፤ ቅድመ አያቶቹም እርስ በርስ ሲጋቡ የኖሩ ስለነበሩ፣ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት ከወንድምና እኅት ከሚወለድ ልጅ ያላነሰ የዘር መደራረብ ነበረበት። በ1700 ልጅ ሳይተካ ሞተ፤ የስፔን ሃብስበርግ ሥርወ መንግሥትም በእሱ አበቃ። ዘመድ የሚያገባ ቤተሰብ ሁሉ ይጠፋል ማለት ስሕተት ነው፤ በየትውልዱ እየደጋገሙ ማግባት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በቤተሰብ ውስጥ የታወቀ የዘር በሽታ ያለባቸው ከጋብቻ በፊት ሐኪም ቢያማክሩ ይበጃቸዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይልቅ መታረም ያለበት ይመስለኛል። «ተፈጥሮ ራሷ ከሚመስልህ ጋር ኑር ካለች፣ በዘር፣ በሃይማኖትና በሀብት ተከልሎ መጋባት ትክክል ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ካየነው ማስረጃ ይህ አይወጣም። በፍየል ያደገው በግ የሚነግረን «የእኔ ዓይነት» የሚባለው ወሰን የተማርነው መሆኑን ነው፤ የተማርነው ከሆነ ደግሞ ሊሰፋ ይችላል። በአሜሪካ በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነጭና በጥቁር መካከል ጋብቻ የሚከለክሉ ሕጎችን ሲሽር፣ በዚያ ዓመት ከተጋቡት ውስጥ ከሌላ ዘር ያገቡት 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ግን 17 በመቶ ደርሰዋል። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የሰው ተፈጥሮ አልተለወጠም። የተለወጠው ሕጉና ልጆች እያዩት የሚያድጉት ሰው ነው። በተቃራኒው፣ የተማረ ከተማረ፣ ባለጠጋ ከባለጠጋ ብቻ ሲጋባ ሀብትም ዕድልም በጥቂት ቤቶች ውስጥ ይከማቻል፤ የድሃ ልጅ ያንን ቤት የሚያገኝበት በር ይጠባል።

እንግዲህ ወላጅም፣ መምህርም፣ ከተማ የሚያቅድ ባለሥልጣንም ሳያውቁት የጋብቻ አማላጆች ናቸው። ልጆች በአንድ ሰፈር፣ በአንድ መማሪያ ክፍል፣ በአንድ መጫወቻ ሜዳ ከማን ጋር እንደሚያድጉ ሲወስኑ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ለማን እንግዳ እንደማይሆን እየወሰኑ ነው። አብሮ መማር እንደ ኪቡዙ ፍላጎትን ያጠፋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ ጠባቡን ክብ የሚሠምረው ከጨቅላነት ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደግ ነው፣ ሰፊውን ክብ የሚያሰፋው ደግሞ በየቀኑ መተያየት። ቤተሰብ ለወንድ ወይም ለሴት ልጁ አቻ ሲፈልግ፣ በምግባር፣ በመከባበርና በኑሮ ዓላማ አቻ መሆን ጥንዶችን አብሮ ያኖራል፤ በዘርና በሀብት አቻ መሆን ግን ክቡን ከማጥበብ ያለፈ ጥቅሙ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።